የሙቅ ውኃ ከረጢትና የሰሊጥ ዘይት፦ በእርግዝናዬ ለወገቤና ለትከሻዬ የሞከርኳቸው ማስታገሻዎች

የምኖረው በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ አሳንሰር በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። መምህርት በመሆኔ የቀኑን አብዛኛውን ክፍል ቆሜ አሳልፋለሁ፤ ጠዋትና ማታ ደግሞ ታክሲ ተሰልፌ እስከ ቃሊቲ እመላለሳለሁ። እርግዝናዬ አምስተኛ ወሩን ሲያልፍ ማታ ማታ ወገቤ ይወጠር፣ ትከሻዬና ማጅራቴ ይደርቅ ጀመር፤ ሌሊት ደግሞ ባቴ በድንገት እየተጨመደደ ከእንቅልፌ ያባንነኝ ነበር። ከዚያን ጊዜ አንሥቶ አሁን እስካለሁበት 34ኛ ሳምንት ድረስ በቆዳ ላይ የሚቀቡና የሚደረጉ ልዩ ልዩ ነገሮችን ሞክሬአለሁ። ከሁሉም የጠቀመኝ በሰፈራችን መድኃኒት ቤት በታችኛው መደርደሪያ ላይ ተረስቶ የቆየ፣ ዋጋውም ከአንድ ቱቦ ቅባት ያነሰ ቀይ የጎማ ከረጢት ነው። ስለ እርሱ ከመጻፌ በፊት ግን ወደ እርሱ ያደረሰኝን ስሕተት መናገር ይኖርብኛል፤ ብዙ እኅቶች ያንኑ ስሕተት ሳያውቁት እንደሚሠሩት አምናለሁና።

በ27ኛው ሳምንት ላይ ሕመሙ ሲበረታብኝ ከታክሲ ተራው አጠገብ ወዳለ አንድ መድኃኒት ቤት ገብቼ «ለወገብ የሚሆን ቅባት» ብዬ ጠየቅሁ። ወፍራም የክረምት ካፖርት ለብሼ ስለነበር ሆዴ አልታየ ይሆናል፤ ሻጩም አልጠየቀኝም፣ እኔም አልነገርኩትም። የሰጠኝ የዲክሎፌናክ ጄል ነበር። ሦስት ቀን ተቀባሁት፤ እውነቱን ለመናገር ሕመሙን አስታግሦልኛል። በአራተኛው ቀን ለክትትል ጤና ጣቢያ ስሄድ አዋላጅ ነርሷ «የምትወስጂው መድኃኒት አለ?» ብላ ጠየቀችኝ፤ እኔም ያለ ማመንታት «ምንም የለም» አልኳት። የሚቀባ ነገር መድኃኒት መሆኑ ጭራሽ ወደ አሳቤ አልመጣም። የፅንሱን የልብ ምት ልታዳምጥ ጠጋ ስትል ሽታው አፍንጫዋን መታውና «እህቴ፣ ይህ የሚሸተኝ ምንድን ነው?» አለችኝ። የልብ ምቱ ደህና መሆኑን ካረጋገጠችልኝ በኋላ ጄሉን በዚያው ዕለት እንዳቆም ነገረችኝ፤ ምክንያቱንም ሳትቸኩል አስረዳችኝ። ስላልተቆጣችኝ እስከ ዛሬ አመሰግናታለሁ።

ዲክሎፌናክ እንደ አይቡፕሮፌን ሁሉ ስቴሮይድ ያልሆኑ የእብጠትና የሕመም ማስታገሻዎች ከሚባሉት ወገን ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2020 ባወጣው ማስጠንቀቂያ እነዚህን መድኃኒቶች ከ20ኛው ሳምንት ጀምሮ መውሰድ የፅንሱን ኩላሊት ሊጎዳ፣ በዚህም የሽርት ውኃው እንዲቀንስ ሊያደርግ እንደሚችል አስታውቋል። ከ30ኛው ሳምንት ወዲህ ደግሞ በፅንሱ ልብ አጠገብ የሚገኘውን፣ ሕፃኑ እስኪወለድ ድረስ ክፍት ሆኖ መቆየት የሚገባውን የደም ቧንቧ ያለ ጊዜው ሊያጠብበው ይችላል። በቆዳ በኩል ወደ ደም የሚገባው መጠን በአፍ ከሚወሰደው እጅግ ያነሰ ነው፤ ስለዚህ እንደ እኔ ባለማወቅ ለጥቂት ቀናት የተቀባች እናት ልትደነግጥ አይገባም። ይሁን እንጂ ያነሰ ማለት የለም ማለት አይደለም፤ በጄሉ ማሸጊያ ውስጥ ያለው ወረቀትም በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ፈጽሞ እንዳይቀቡት ይከለክላል። ያን ወረቀት ያነበብኩት ከጤና ጣቢያ ከተመለስኩ በኋላ ነው።

ከዚያ ወዲያ በየቤቱ የሚገኙትን የሚያቃጥሉ ቅባቶች ማሸጊያ እያገላበጥኩ ማንበብ ጀመርኩ። «ዲፕ ሂት» የተባለውና የመሳሰሉት ክሬሞች ሜቲል ሳሊሲሌት ይዘዋል፤ ይህም የአስፕሪን ዘመድ ሲሆን በቆዳ አልፎ ወደ ደም ይገባል፤ በሰፊ ቦታ ላይ ደጋግሞ መቀባት ወይም ቀብቶ በጨርቅ ማሰር ደግሞ የሚገባውን መጠን ይጨምረዋል። «ታይገር ባልም» እና «ቪክስ» ካምፎርና ሜንቶል የተባሉ ኃይለኛ ሽታ ያላቸው ንጥረ ነገሮች አሏቸው። ካምፎር በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ፅንሱ ሊያልፍ የሚችል ነገር ነው፤ ትንሽ ልጅ ቢውጠው ደግሞ ጥቂቱ እንኳ ለከባድ መንቀጥቀጥ ይዳርጋል፤ ስለዚህ በተለይ ሌላ ልጅ ያላት እናት ብልቃጡን ከፍ አድርጋ ታስቀምጠው። በቅባቱ ማቃጠል ብርታቱን የመለካት ልማድ አለን፤ እኔም እንዲሁ ነበርኩ። ማቃጠሉ ግን የቆዳው ነርቭ ተነክቶ ትኩረታችንን ከሕመሙ የሚያዞር ስሜት እንጂ ጡንቻው ለመፈታቱ ምስክር አይደለም። ሜንቶልም ቢሆን ጡንቻውን አያቀዘቅዘውም፤ ቅዝቃዜን የሚያውቁትን ነርቮች ብቻ ይቀሰቅሳል። አዋላጅ ነርሷ ሜንቶል ብቻ ያለውን ጄል በጥቂቱ ለትከሻዬ ፈቅዳልኝ ነበር፤ ሁለት ጊዜ ተጠቀምኩበት፤ ሽታው ማቅለሽለሼን ስለመለሰው ተውኩት።

አሁን ወደ ከረጢቱ ልመለስ። ሁለት ሊትር የሚይዝ፣ በአንዱ ጎኑ ሸንተረር ያለው፣ ክዳኑ በብሎን የሚጠብቅ ወፍራም ጎማ ነው። በክረምት ሰፈራችን ነፋሻማና ቀዝቃዛ ነው፤ መብራትም በምንፈልገው ሰዓት ላይኖር ይችላል፤ ስለዚህ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማሞቂያ ባለመግዛቴ አልተጸጸትኩም። ጠዋት ቡና ሲፈላ በፔርሙስ ውኃ አስቀምጣለሁ፤ ማታ ከሥራ ስመለስ ልኩን የጠበቀ ሙቀት ይኖረዋል። የፈላ ውኃ ጎማውንም ቆዳንም ስለሚጎዳ በቀጥታ አይገባበትም። ከረጢቱን ሁለት ሦስተኛ ያህል ብቻ ሞልቼ፣ በውስጡ የቀረውን አየር ጫን ብዬ አስወጥቼ፣ ክዳኑን አጥብቄ ከዘጋሁ በኋላ ገልብጬ አለማፍሰሱን አያለሁ። ከዚያም በጨርቅ ጠቅልዬ በግራ ጎኔ እተኛና ከወገቤ ጋር አስጠግቼ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ አቆየዋለሁ። በሆዴ ላይ አድርጌው አላውቅም፤ እንቅልፍ ሊወስደኝ ሲል ደግሞ አነሣዋለሁ። በእርግዝና ጊዜ የሚያሠጋው የመላው ሰውነት ሙቀት መጨመር በመሆኑ፣ በአንድ ቦታ ላይ ለአጭር ጊዜ የሚደረግ ለስላሳ ሙቀት ከሳውና ወይም ከወይባ ጢስ ጋር ሊነጻጸር አይገባም። ሙቀቱ ደም ወደ ጡንቻው በደንብ እንዲዘዋወር ያደርጋል፤ የተጨመደደውም ቀስ እያለ ሲላላ ይታወቀኛል። ማታ ከአልጋዬ ለመነሣት ባለቤቴ እጄን ይስበኝ የነበረው ቀርቶ አሁን ራሴ እነሣለሁ።

ጉድለት የለውም አልልም። የመጀመሪያው ሳምንት የጎማ ሽታው ከባድ ነበር፤ ለብ ባለ የሳሙና ውኃ ደጋግሜ ካጠብኩት በኋላ ለቀቀ። መሸፈኛ ስለሌለው አንድ ማታ በስስ ነጠላ ብቻ ጠቅልዬው ቆዳዬን አቅልቶታል። የምትገዛ ሰው ከረጢቱን አጥፋ ስንጥቅ እንደሌለበት ትይ፤ በአንዳንዶቹ አንገት ላይ የአበባ ቅርጽ ያለው ምልክት ይገኛል፤ በመካከሉ ያለው ቁጥር የተሠራበት ዓመት፣ ቅጠሎቹም ወራቱ ናቸው፤ ጎማ ደግሞ በመደርደሪያ ላይ ሆኖም ያረጃል። ከሁሉም የከፋው ስሕተት የሚያቃጥል ቅባት ተቀብቶ በላዩ ላይ ከረጢቱን ማድረግ ነው፤ ሁለቱ ሲደራረቡ ቆዳን በእውነት ያቃጥላሉ።

ከሙቀቱ በኋላ ባለቤቴ ሽታ የሌለው የሰሊጥ ዘይት በእጁ አሙቆ ከአከርካሪዬ ግራና ቀኝ ያለውን ሥጋ ከታች ወደ ላይ ቀስ አድርጎ ያሽልኛል። ዘይቱ ራሱ መድኃኒት ነው ብዬ አልጽፍም፤ ሥራው እጁ ሳይሻክር እንዲንሸራተት ማድረግ ነው፤ የሚፈውሰው እጁ ነው። እናቴ ግን ከገጠር ስትመጣ ጤና አዳም የተነከረበት ለጋ ቅቤ ይዛልኝ መጥታ ነበር። «እማዬ፣ ቅቤውን ለጠጉሬ እቀባዋለሁ፤ ጤና አዳሙን ግን አዋላጇን ሳልጠይቅ አልነካውም» አልኳት፤ ጤና አዳም ማህፀንን ሊያነቃቃ ስለሚችል ነፍሰ ጡሮች እንዳይወስዱት ይመከራልና። ቅር ብትሰኝም በማግሥቱ ንጹሕ ቅቤ አንጥራ ሰጠችኝ። ሆድን በኃይል ማሸት፣ ወጌሻም ያድርገው ሌላ ሰው፣ በጭራሽ የምፈቅደው ነገር አይደለም።

የሚረጨውን የማግኒዥየም ፈሳሽ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ከውጭ አስመጥታ ሰጥታኝ ነበር፤ ቆዳዬን አሳከከኝ እንጂ ባቴ ላይ ለውጥ አላየሁም። ባቴ ሲጨመደድ የረዳኝ ጉልበቴን ቀጥ አድርጌ የእግሬን ጣቶች ወደ ራሴ መሳብ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው የእርግዝና ክትትል መመሪያም ለወገብና ለዳሌ ሕመም በቅድሚያ የሚያነሣው የሰውነት እንቅስቃሴን ነው፤ ፊዚዮቴራፒና የወገብ መደገፊያ ቀበቶም በአማራጭነት ተጠቅሰዋል። እኔም ቅዳሜና እሑድ ጠዋት በሰፈሩ ለግማሽ ሰዓት እራመዳለሁ፤ ስተኛም በጉልበቶቼ መካከል ትራስ አደርጋለሁ።

ከረጢቱም ዘይቱም የማይነኩት ሕመም አለ። አንድ ባት ብቻ አብጦ፣ ሞቆና ቀልቶ የሚያም ከሆነ የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል መታሸት የለበትም። የወገብ ሕመሙ እየመጣና እየሄደ ሆድን የሚያጠነክር፣ ወይም ደም፣ የሽርት ውኃ፣ ትኩሳት፣ ከባድ ራስ ምታትና የዓይን ብዥታ አብሮት የሚታይ ከሆነ በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል፤ የእኛ ሰፈር ከከተማው ጠርዝ በመሆኑ ሌሊት መኪና ማግኘት ጊዜ ይወስዳል፤ ስለዚህ የሚያደርሰንን ጎረቤት ከወዲሁ አነጋግረናል።

ለከረጢቱ ከአሮጌ ጋቢ ድርብ ሽፋን ሰፍቼለታለሁ። ለወሊድ ባዘጋጀሁት ሻንጣ ውስጥም ከሕፃኑ ልብሶች ሥር፣ ከፔርሙሱ ጎን አስቀምጬዋለሁ።