ከ11 ወር በኋላ ቦይለሬ ኖራ ወለደ

ቦይለሩ ከመቃጠሉ በፊት ለሦስት ሳምንት ያህል እንደ ፈንድሻ ሲንጣጣ ነበር። ማታ ልጆቹ ተኝተው ቤቱ ጸጥ ሲል ከመታጠቢያ ቤት "ጣ… ጣጣ… ጣ" ይላል። ባለቤቴ "ይሄ ነገር አንድ ቀን ጉድ ይሠራናል" ስትል፣ እኔ ደግሞ "ብረት ሲሞቅ ይጮኻል" እያልኩ እንደሚያውቅ ሰው አጽናናት ነበር። ትምህርት በተከፈተ በሁለተኛው ሳምንት፣ ሰኞ ጠዋት፣ ብሬከሩ ወደቀ። መልሼ አነሳሁት፤ መልሶ ወደቀ። ልጆቹ ፊታቸውን በቀዝቃዛ ውሃ ተለቃልቀው ሄዱ።

የገዛሁት ጥቅምት 2017 ከመርካቶ ነው፤ 50 ሊትር የሚይዝ፣ 2000 ዋት፣ ዋጋው 16 ሺህ ብር። ስሙን አልጠራም፤ ጥፋቱ የማን እንደሆነ እኔም ገና ከራሴ ጋር አልተስማማሁም። ስለ መጀመሪያዎቹ ወራት የምለው ብዙ የለኝም። ያሞቃል፣ አያፈስም፣ መብራት እያለ ሻወር አለ። በቃ።

የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ውሃ በፈረቃ ይመጣል፤ በመጣ ቀን ሮቶውን እንሞላለን። መምጣቱን እንጂ ምን ይዞ እንደሚመጣ ጠይቄ አላውቅም።

የቧንቧ ሠራተኛው ልጅ ቦይለሩን አውርዶ ከሥሩ ሲከፍተው ነጭ ቅርፊት ከውሃው ጋር ተንዶ ወለሉን ሞላው። ቀጥሎ ውሃውን የሚያሞቀውን ብረት፣ ሬዚስታንሱን፣ ጎትቶ አወጣና "ጋሼ፣ ይሄውልህ" አለኝ። ጣት የማያህለው ብረት ኖራ ለብሶ የሕፃን ክንድ አክሏል። አጠገቡ ያለው የማግኒዥየም ዘንግ፣ ታንኩ እንዳይዝግ እሱ እየተበላ የሚጠብቀው፣ አልቆ ክሩ ብቻ የቀረ ሻማ መስሏል።

"የአቃቂ ውሃ ነው እኮ፤ እዚህ ሰፈር ያልከፈትኩት ቦይለር የለም" አለ ልጁ፣ እየሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ነገሩን ኋላ ላይ ጠይቄ ተረዳሁት። የአቃቂ ውሃ የከርሰ ምድር ነው። ዝናቡ ወደ መሬት ሲሰርግ አፈሩ ውስጥ ካለው አየር አሲድነት ይይዛል፤ በእሳተ ገሞራው ድንጋይ ውስጥ እየተጓዘ ካልሲየምና ማግኒዥየም አሟሙቶ ይሸከማል። ቀዝቃዛ እስከሆነ ድረስ አይታይም፤ ብርጭቆ ውስጥ ኩልል ያለ ነው። ሲሞቅ ግን የተሸከመውን ኖራ አድርጎ ይጥለዋል፤ የሚጥለውም በጣም የሞቀው ቦታ ላይ፣ ማለትም ሬዚስታንሱ ላይ። ኖራው ሙቀት ስለማያሳልፍ ብረቱ በራሱ ሙቀት ውስጥ ታፍኖ ይቃጠላል። ያ ፈንድሻም ቅርፊቱ ሥር ተይዞ የሚፈላ ውሃ ኖሯል። ውሃው በመጨረሻ ለብ ብቻ ይል የነበረውም ሙቀቱን የሚቆጣጠረው ቴርሞስታት ኖራው መሀል ሆኖ "ሞቋል" ብሎ ቀድሞ ስለሚቆርጥ ነው። እኔ ግን የመብራት ኃይል ማነስ ነው እያልኩ አማርር ነበር።

ወንድሜ ኮተቤ ነው። ከእኔ ጋር አንድ ዓይነት ቦይለር አለው፤ አምስት ዓመት ሊሞላው ነው፣ አንድ ቀን እንኳ አልተከፈተም። የሱ ሰፈር ውሃ ከለገዳዲ ግድብ ይመጣል፤ ከላይ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ነውና እንደኛው ድንጋይ ለድንጋይ ሲዞር አልከረመም። "አያያዝ ነው ወንድሜ" ሲለኝ ስልኩን ልዘጋበት ምንም አልቀረኝ።

አሁን ወደ ሻጩ። ደውዬ ዋስትናው አንድ ወር ይቀረዋል ስለው "ጋሼ፣ በውሃ የመጣ ጉዳት ዋስትና አይሸፍነውም" አለኝ። በዚያን ሰዓት አፌ ተያዘ፤ መልሱ የመጣልኝ ማታ አልጋ ላይ ሆኜ ነው። የኔ ወንድም፣ ቦይለር ከውሃ ሌላ ምን ሊሞላበት ነው? ጠላ? ደግሞስ ስትሸጥልኝ "ሰፈርህ የት ነው?" ብለህ ብትጠይቀኝ ምን ነበር? በየስድስት ወሩ ይታጠባል ብትለኝ ምን ነበር? "መመሪያው ላይ አለ" እንዳትለኝ፤ መመሪያው በቻይንኛ ነው። ይባስ ብሎ በዚያው ስልክ ቧንቧ ላይ የሚታሰር ማግኔት ሊሸጥልኝ ሞከረ፤ "ኖራውን ያባርረዋል" አለ። እውነተኛው የውሃ ማለስለሻ በጨው የሚታደሰውና ካልሲየሙን በሶዲየም የሚተካው ነው፤ እሱ ደግሞ ከኔ አቅም በላይ ነው።

እውነቱን ካወራን ምልክቱ ዓመቱን ሙሉ ዓይኔ ሥር ነበር። ሳሙናው አረፋ ለመስጠት ይለግማል፤ ሳፋው ላይ ግራጫ ዝቃጭ ይተዋል። የሻይ ማንቆርቆሪያው ውስጡ ነጭ ነው። ሽምብራ አድሮ ተዘፍዝፎ እንኳ ንፍሮው ጠጠር ጠጠር ይላል፤ ሽምብራ ሻጯን ስንት ጊዜ አማናት! ምድር ቤት ያሉት እትዬ ክረምቱን በሙሉ ከጣራ የሚወርደውን ውሃ በበርሜል እያጠራቀሙ ነጠላቸውንና ፀጉራቸውን በሱ ያጥባሉ። ቁጠባ ይመስለኝ ነበር። ስጠይቃቸው "የሰማይ ውሃ ሳሙና አይበላም፣ ልጄ" አሉኝ። መሐንዲስ አላስፈለጋቸውም።

ለጤና ግን አትስጉ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለውሃ ጥንካሬ፣ ማለትም ውሃው ለተሸከመው ካልሲየምና ማግኒዥየም፣ በጤና ምክንያት ያስቀመጠው ወሰን የለም። ውሃ አጋር የሚባለውን ክሎሪን ጨምሬ ኖራውን አጠፋዋለሁ ብሎ የሚደክም ካለም ይተው፤ ክሎሪን ጀርም ይገድላል እንጂ ኖራ አይነካም።

አዲስ ሬዚስታንስ፣ ዘንግና የእጅ ተደምሮ 3,400 ብር ወጣ። የሙቀት ቁልፉን ከ75 ወደ 60 አወረድኩት፤ ውሃው በጋለ ቁጥር ኖራው ይብሳልና። የሻወሩን ራስ በየወሩ አቸቶ ውስጥ አሳድረዋለሁ፤ ጠዋት እንደ አዲስ ይረጫል። ቦይለሩን በየአምስት ወሩ ሊከፍትልኝ ልጁን ቀጥሬዋለሁ።

መልሼ እገዛው ነበር ወይ? መስከረም ላይ ብትጠይቁኝ ከሦስተኛ ፎቅ እወረውረው ነበር። ዛሬ የኅዳር ብርድ ገብቶ፣ በሙቅ ውሃ ታጥቤ ጋቢ ደርቤ ስጽፍ ደግሞ፣ አዎ፣ እገዛው ነበር። ከዚያ ሱቅ ግን አይደለም።

ከታንኩ የወጣውን ኖራ አልጣልኩትም። አድርቄ በፌስታል ቋጠርኩትና ታች ሱቅ ወስጄ አስመዘንኩት፤ አንድ ኪሎ ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። ባለሱቁ "ምንድን ነው፣ ጨው ነው?" ብሎ ሊቀምሰው ነበር። አሁን በረንዳ ላይ ተቀምጧል። መርካቶ የወረድኩ ዕለት ይዤው እወርዳለሁ፤ ሻጩ ጠረጴዛ ላይ ዘርግፌ፣ "ይሄንስ ዋስትናው ይሸፍነዋል?" ልለው።