በያማሃ አርዲ 350 ኤልሲ ላይ ፕሮግራም የሚደረግ ኢግኒሽን፦ ከአንድ የውድድር ወቅት በኋላ የተጻፈ የተጠቃሚ ግምገማ

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980 ለገበያ የቀረበውን ያማሃ አርዲ 350 ኤልሲ የተባለ ባለሁለት ሲሊንደር፣ ባለሁለት ስትሮክ ሞተር ብስክሌት (በእያንዳንዱ ሲሊንደር ክራንክሻፍቱ በዞረ ቁጥር አንድ ጊዜ ነዳጅ የሚያቃጥል) በእንግሊዝ አገር በክላሲክ ውድድሮችና ለልምምድ በሚከፈቱ የትራክ ቀናት እነዳለሁ። ባለፈው የፀደይ ወራት የፋብሪካውን ኢግኒሽን ሳጥን፣ ማለትም የካንዴላው ብልጭታ መቼ እንደሚሰጥ የሚወስነውን ክፍል፣ አንሥቼ ፕሮግራም በሚደረግ ሲዲአይ (ብልጭታውን ከካፓሲተር በሚለቀቅ ኃይል በሚሰጥ ሳጥን) ተካሁት፤ አሁን ወቅቱ አልቆ ሞተሩ ለክረምት ምርመራ ስለተፈታ፣ ስለ ዕቃው በስሜት ሳይሆን ከሞተሩ ውስጥ ባየሁት ላይ ተመሥርቼ ለመጻፍ እችላለሁ። ፍርዴን ከወዲሁ ለመናገር፣ ሳጥኑ የሞተሩን ከፍተኛ ጉልበት ጨመረ ለማለት አልደፍርም። የጨመረው ጉልበቱ ጣራ ከነካ በኋላ ሞተሩ ሳይሞት የሚቀጥልበትን የዙር (በደቂቃ የሚዞርበት ብዛት) ርዝመት ነው፤ ይህም ብቻ ቢሆን ለገንዘቡ ይበቃል፤ ነገር ግን መለኪያ መሣሪያ ለሌለው ሰው ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል።

እንዲህ ያሉ ሳጥኖችን የሚያመርቱት በአብዛኛው ትልልቅ ፋብሪካዎች አይደሉም። በባለሁለት ስትሮክ ሰዎች ዘንድ በይበልጥ የሚታወቁት የቼክ ሪፐብሊኩ ኢግኒቴክና የስሎቬንያው ዚልትሮኒክ ናቸው። የእኔን ሳጥን የሠራውን ድርጅት ስም አልጠቅስም፤ ከዚህ በታች የምናገረው በጎም ሆነ ክፉ በአብዛኛው የዓይነቱ ጠባይ እንጂ የአንድ አምራች ብቻ አይደለምና። ዋጋው ከአንድ ጥንድ ጥሩ የውድድር ማርሚታ ዋጋ በእጅጉ ያንሳል።

አንድ ሰው ይህን ዕቃ ለምን እንደሚፈልግ ለመረዳት ባለሁለት ስትሮክ ሞተር ከባለአራት ስትሮኩ የሚለይበትን ጠባይ ማስታወስ ያስፈልጋል። የባለሁለት ስትሮክ ማርሚታ የጋዙን የግፊት ሞገድ ወደ ሲሊንደሩ መልሶ እየላከ አምልጦ የሚወጣውን ድብልቅ ይመልሳል፤ ይህም በሚገባ የሚሠራው ከርዝመቱ ጋር በሚስማማ ዙር ብቻ ነው። በባለአራቱ ዙሩ ሲጨምር ብልጭታው ቀደም እያለ ይሄዳል፤ በባለሁለቱ ግን በተለይ ማርሚታው መሥራት ከጀመረበት ዙር በላይ ነገሩ ይገለበጣል። ዙሩ ዝቅ ሲል ሲሊንደሩ በአግባቡ ስለማይሞላና የተቃጠለ ጋዝ ስለሚቀርበት እሳቱ በዝግታ ይስፋፋል፤ ስለዚህ ብልጭታው በጊዜ መቅደም አለበት። ማርሚታው በሚገባ በሚሠራበት ዙር ሲሊንደሩ ከመጠኑ በላይ ይሞላል፣ ግፊቱ ያይላል፣ እሳቱም ይፈጥናል፤ በዚህ ቦታ አድቫንሱ (ብልጭታው ፒስተኑ ጫፉ ላይ ከመድረሱ በፊት የሚቀድምበት ዲግሪ) ካልቀነሰ ዲቶኔሽን፣ ማለትም ድብልቁ በአንድ ጊዜ የሚፈነዳበት ጎጂ ቃጠሎ፣ ይመጣል። ከከፍተኛው ጉልበት በኋላ ያለው ክፍል ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ ትኩረት የሚስብ ነው። ብልጭታውን ሆን ብሎ ማዘግየት ከሲሊንደሩ የሚወጣውን ጋዝ ያሞቃል፤ በጋዙ ውስጥ የድምፅ ሞገድ የሚጓዝበት ፍጥነት ደግሞ በፍጹም ሙቀቱ (በኬልቪን በሚለካው) ስኩዌር ሩት መጠን ያድጋል። የማርሚታው ጋዝ ከ550 ወደ 650 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢወጣ የሞገዱ ፍጥነት ወደ 6 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ማርሚታውም በዚያው መጠን ያጠረ ያህል ሆኖ ከፍ ላለ ዙር ይስማማል። አንድን የብረት ቧንቧ ሳይቆርጡ የሚያሳጥሩበት መንገድ ይህ ነው፤ የፋብሪካው ሳጥን ግን የራሱን መስመር (ለየዙሩ የተወሰነውን አድቫንስ) ብቻ ስለሚያውቅ ይህን ዕድል አይሰጥም።

በ2009 የ250 ሲሲ፣ በ2011 ደግሞ የ125 ሲሲ የሞተር ብስክሌት የዓለም ሻምፒዮና ክፍሎች በባለሁለት ስትሮክነታቸው አበቁ፤ ዛሬ ይህ እውቀት በብዛት የሚኖረው እንደ እኔ ባሉ የአሮጌ ሞተር ባለቤቶች ጋራዥ ውስጥ ነው። አርዲ 350 ኤልሲ በተለይ በእንግሊዝ ትዝታ አለው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በተካሄደው የፕሮ-አም ውድድር ነጂዎች ሁሉ አንድ ዓይነት ኤልሲ ይሰጣቸው ነበር፤ የትኛው ለማን እንደሚደርስም በዕጣ ይወሰን ነበር።

የገጠማውን ሥራ በተመለከተ፣ ኤልሲ በክራንክሻፍቱ ጫፍ ላይ ባለው ቮላኖ (አብሮ በሚዞረው ከባድ ክብ ብረት) ውስጥ ማግኔቶች፣ ከጎኑ ደግሞ የምልክት ፒክአፕ (ቮላኖው ሲዞር ምልክት የሚሰጥ ዳሳሽ) አለው። ሳጥኑ በ12 ቮልት ባትሪ ስለሚሠራ ለኢግኒሽኑ ብቻ ኃይል የሚሰጠው የድሮው የሽቦ ጥቅል አያስፈልግም፤ ይህም በዕድሜ ብዛት የሚቃጠለውን ክፍል ከጭንቀት ዝርዝሬ አውጥቶልኛል። ብዙዎች በዚህ አጋጣሚ ቮላኖውን ሙሉ በሙሉ አውጥተው ትንሽ የውድድር ሮተር ያስገባሉ። እኔ ግን ኦሪጅናሉን ጠብቄ የባትሪ መሙያውን ሥራ ላይ አቆየሁት፤ ከዝቅተኛ ዙር በሚወጣበት ጠባብ መታጠፊያ የቮላኖው ክብደት ሞተሩን ስለሚያረጋጋው። የሽቦው ሥራ ብዙ አይደለም፤ ሆኖም ቸል የማይባሉ ነጥቦች አሉት። የፒክአፑ ሁለት ሽቦዎች እርስ በርሳቸው ተጠምዝዘው ከኮይሉ (ለካንዴላው ቮልቴጁን ከሚያሳድገው ክፍል) ከፍተኛ ቮልቴጅ መስመር ርቀው ማለፍ አለባቸው፤ የካንዴላው ቆብ ወይም ራሱ ካንዴላው ሬዚስተር ያለው መሆን አለበት፤ የምድር ሽቦው ቀለም በተቀባ ብረት ላይ ሳይሆን በተፋቀ ቦታ ላይ መታሰር አለበት። ሬዚስተር የሌለው ቆብ የሚረጨው የኤሌክትሪክ ረብሻ ሳጥኑን ሐሰተኛ ምልክት ያሳየዋል፤ ሞተሩም ከፍ ባለ ዙር ላይ ያለ ምክንያት የሚሳል ይመስላል።

ከሁሉ ይበልጥ ጊዜ የሚወስደው ሽቦው ሳይሆን ለሳጥኑ እውነቱን መንገር ነው። ሳጥኑ የሚያውቀው ፒክአፑ ምልክት የሰጠበትን ቅጽበት ብቻ ነው፤ ያ ቅጽበት ፒስተኑ የመጨረሻ ከፍታው ላይ ከመድረሱ ስንት ዲግሪ በፊት እንደሆነ ማስገባት የባለቤቱ ሥራ ነው፤ ይህ ቁጥር ከተሳሳተ ከዚያ በኋላ የሚሣለው መስመር ሁሉ የተሳሳተ ነው። ለዚህ ዲያል ጌጅ (ጥቃቅን ርቀት የሚለካ መሣሪያ) በካንዴላው ቀዳዳ ይገባል፤ ነገር ግን ጌጁን እያዩ ከፍታውን ብቻ መፈለግ አያስተማምንም። ስትሮኩ (የፒስተኑ ጉዞ) 54 ሚሊ ሜትር፣ የኮኔክቲንግ ሮዱ ርዝመት 110 ሚሊ ሜትር በሆነው በዚህ ሞተር ክራንክሻፍቱ ከጫፉ በፊት ባሉት 5 ዲግሪዎች ውስጥ ሲዞር ፒስተኑ የሚንቀሳቀሰው 0.13 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ በዚያ ቦታ ጌጁ የቆመ ያህል ነው። ስለዚህ ከከፍታው በፊትና በኋላ እኩል የሆኑ ሁለት ንባቦችን ምልክት አድርጎ የመካከላቸውን ነጥብ መውሰድ ይሻላል። በ20 ዲግሪ አካባቢ ግን ነገሩ ይገለጣል፤ ፒስተኑ ከጫፉ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ዝቅ ይላል፣ አንድ ዲግሪም ወደ 0.2 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። ካንዴላው ዘንበል ብሎ የሚገባባቸው ቴስታዎች ላይ ጌጁ ከሲሊንደሩ ጋር ቀጥ ስለማይል ቁጥሩ ያታልላል፤ በዚያ ሁኔታ ቴስታውን አንሥቶ መለካት ይገባል።

ሁለቱንም ሲሊንደሮች መለካትም ግዴታ ነው። የኤልሲ ክራንክሻፍት በፕሬስ የተገጣጠመ በመሆኑ ከብዙ ዙር በኋላ ሊጣመም ይችላል፤ ሁለቱ ፒስተኖች በትክክል በ180 ዲግሪ ልዩነት ካልተገኙ አንድ ፒክአፕና አንድ መስመር ሁለቱንም ሊያገለግሉ አይችሉም፤ አንዱ ሲሊንደር ሁልጊዜ የቀደመ ወይም የዘገየ ይሆናል። ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የተለየ ማስተካከያ የሚሰጡ ሳጥኖች ቢኖሩም ይህን ጥፋት በሶፍትዌር መሸፈን አልወድም። ክራንክሻፍቱ ይስተካከላል፣ ፒኖቹም ለውድድር ይበየዳሉ።

ከዚያ በኋላ በየብልጭታው ብልጭ እያለ የሚዞረውን ምልክት የቆመ አስመስሎ የሚያሳየው ስትሮቦ መብራት ይመጣል። የኤልሲ ኦሪጅናል ኮይል ሁለት አፍ ያለው ሲሆን ሁለቱንም ካንዴላዎች በአንድ ጊዜ ያበራል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ካንዴላ በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ይበራል። ዲግሪ በቁልፍ የሚመረጥባቸው ዘመናዊ ስትሮቦዎች ዙሩን እጥፍ አድርገው ስለሚቆጥሩት የሚያሳዩት ቁጥር አይታመንም። ተራ ስትሮቦና በቮላኖው ላይ በጥንቃቄ የተጫሩ መስመሮች ይበልጣሉ፤ ዲያሜትሩ 110 ሚሊ ሜትር በሆነ ቮላኖ ላይ አንድ ዲግሪ 1 ሚሊ ሜትር ሊሆን ትንሽ ብቻ ይቀረዋል፣ ለዓይን ይበቃል። ሳጥኑን ለጊዜው በሁሉም ዙር ላይ ቋሚ 20 ዲግሪ እንዲሰጥ አድርጎ በዝቅተኛውም በከፍተኛውም ዙር ምልክቱ መንቀሳቀስ አለመንቀሳቀሱን ማየት ከሁሉ የሚጠቅም ፈተና ነው። በ10,000 ዙር ክራንክሻፍቱ በአንድ ሚሊሰከንድ 60 ዲግሪ ስለሚዞር፣ በፒክአፑና በኤሌክትሮኒክሱ መካከል የ20 ማይክሮሰከንድ መዘግየት ብቻ 1.2 ዲግሪ ይበላል። የእኔ ሳጥን ይህን መዘግየት የሚያካክስ ማስተካከያ አለው፤ እሱን ሳያስተካክሉ የሌላ ሰው መስመር መቅዳት ትርጉም የለውም።

አሁን የምጠቀምበት መስመር ከ3,000 እስከ 6,000 ዙር 24 ዲግሪ ይሰጣል፣ በ8,500 ወደ 19 ይወርዳል፣ በ10,000 16፣ በ11,000 ደግሞ 12 ይሆናል። ይህ ለእኔ ማርሚታ፣ ለእኔ ኮምፕሬሽንና በእንግሊዝ ለሚሸጠው ባለ ከፍተኛ ኦክቴን ቤንዚን የተሠራ ስለሆነ እንዳለ አይቀዳም። በዳይኖ (የሞተር ጉልበት መለኪያ) ላይ ሲታይ የከፍተኛው ጉልበት ቁጥር ከቀድሞው ጋር የሚለየው በመለኪያው ስሕተት መጠን ብቻ ነው፤ ከ10,000 በኋላ ያለው መስመር ግን በፊት እንደ ገደል ይወድቅ የነበረው አሁን ቀስ ብሎ ይወርዳል። ማሎሪ ፓርክ በተባለው የእንግሊዝ የውድድር ትራክ ላይ ይህ ማለት ብዙ ነው። ኤሰስ ከተባሉት መታጠፊያዎች እስከ ሻውስ ሄርፒን መታጠፊያ ያለው ርቀት ማርሽ ጨምሮ ወዲያው መልሶ ለመቀነስ የማያወላዳ አጭር ነው፤ ቀድሞ የነበረው ምርጫ ሞተሩን ከጉልበቱ ውጭ ማስጮህ ወይም ለአፍታ ጥቅም ሲባል ፍሪሲዮን መንካት ነበር። አሁን በያዝኩት ማርሽ እደርሳለሁ። ሄርፒኑ ራሱ እጅግ ጠባብ ስለሆነ ሞተሩ ከማርሚታው ክልል በታች ይወርዳል፤ በዚያም የ24 ዲግሪው አድቫንስ ነዳጅ ሲሰጥ መልሱን ጥርት ያደርገዋል። ጄራርድስ የተባለው ረጅም መታጠፊያ ላይ ግን ልዩነት አላየሁም፤ እዚያ ሞተሩ በመካከለኛው ክልል ስለሚቆይ የድሮው ሳጥንም በቂ ነበር።

ስለ ደኅንነቱ ጥቂት ልበል። አድቫንስ ሲበዛ የሚጎዳው የፒስተኑ አናት ሲሆን፣ ማዘግየት ሲበዛ ደግሞ ሙቀቱ ወደ ማርሚታውና ወደ ፒስተኑ የማውጫ ጎን ይሄዳል። የማርሚታ ሙቀት መለኪያ አስገብቻለሁ፤ ነገር ግን የሚያሳየው ቁጥር በዳሳሹ ቦታ ስለሚለዋወጥ የማነበው ፍጹሙን ቁጥር ሳይሆን ከአንዱ ለውጥ ወደ ሌላው የሄደበትን አቅጣጫ ነው። በእያንዳንዱ ለውጥ መስመሩን ከ1 ዲግሪ በላይ አላንቀሳቅስም፤ ሁልጊዜም የካርቡራተሩን ዋና ጄት (የቤንዚኑን መጠን የሚወስነውን ቀዳዳ) ወፈር አድርጌ ጀምሬ በኋላ እቀንሳለሁ። ካንዴላውን በማጉያ መነጽር ማየት ከማንኛውም መሣሪያ ያልተናነሰ ይናገራል፤ በነጩ ሸክላ ላይ ደቃቅ የአሉሚኒየም ነጠብጣቦች ከታዩ ዲቶኔሽኑ ፒስተኑን መብላት ጀምሯል ማለት ነው። የኤልሲ መደበኛ ካንዴላ ኤንጂኬ ቢ8ኢኤስ ነው፤ ለትራክ አንድ ደረጃ ቀዝቃዛ የሆነውን 9 ቁጥር፣ ሬዚስተር ያለውን፣ እጠቀማለሁ። በክረምቱ ሞተሩ ሲፈታ የፒስተኖቹ ጠርዝና የቴስታው ስኩዊሽ ክፍል (ከፒስተኑ ጠርዝ ጋር የሚቀራረበው ጠባብ ዳር) ንጹሕ ሆነው ተገኝተዋል።

የማልወድለት ነገርም አለ። መመሪያው በጥድፊያ የተተረጎመ ይመስላል፤ የፒክአፑ ምልክት በየትኛው ጠርዝ እንደሚነበብ የሚገልጸውን ገጽ ከመረዳት በኦሲሎስኮፕ መለካት ቀሎኛል። የሳጥኑ ማገናኛ የመቆለፊያ ምላስ ስለሌለው በንዝረት ላልቶብኛል፤ አሁን በሽቦ ታስሯል፣ ሳጥኑም በላስቲክ ላይ ተቀምጧል። የዙር ገደቡ ብልጭታውን በድንገት ስለሚቆርጥ ያልተቃጠለ ቤንዚን ማርሚታው ውስጥ ገብቶ ይፈነዳል፤ ከገደቡ በፊት ባለው 300 ዙር ውስጥ አድቫንሱን አጥብቆ በመቀነስ ነጂው ገደቡን ሳይነካ እንዲሰማው ማድረግ ይቻላል። ከሁሉ በላይ ግን አሁን ሞተሩ ያለ ባትሪ አይነሣም። በ10,000 ዙር በሰከንድ 333 ብልጭታ የሚፈልግ ዕቃ ደካማ ባትሪን ይቅር አይልም፤ ቮልቴጁ ሲወርድ ሞተሩ መጀመሪያ በከፍተኛ ዙር ላይ ይታፈናል፣ ነጂውም ጥፋቱን በካርቡራተሩ ላይ ይጥላል።

በአዲስ አበባ ባለሁለት ስትሮክ ያለው አንባቢ ቢኖር፣ በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል በሩብ ያህል ስለሚያንስ ሲሊንደሩ በዚያው መጠን ጥቂት ይሞላል፤ ስለዚህ ከእኔ ይልቅ ትንሽ ከፍ ያለ አድቫንስና አነስ ያለ ዋና ጄት ይፈቀድለታል። ኦሪጅናል ማርሚታና ኦሪጅናል ኮምፕሬሽን ላለው የመንገድ ሞተር ግን ይህን ሳጥን አልመክርም፤ የፋብሪካው መስመር ለዚያ ሥራ የተበጀ ነው። ማርሚታውን ለለወጠ፣ ዲያል ጌጅና ስትሮቦ ላለው፣ ክራንክሻፍቱም ቀጥ ላለለት ሰው ይሆነዋል። እኔ በቀጣዩ ወቅት ከመስመሩ ላይ የምነካው ከ6,000 እስከ 7,500 ዙር ያለውን ክፍል ብቻ ነው፤ ማርሚታው ሲይዝ የሚመጣው ጉልበት ለእርጥብ መንገድ አሁንም ድንገተኛ ነውና ሁለተኛ፣ በ3 ዲግሪ የዘገየ መስመር በማብሪያ ማጥፊያ እንዲመረጥ አዘጋጅቻለሁ።