የዓሣ ጫጩት ለመቁጠር የቱ መረብ ይገዛ፦ ጎታች፣ አጎበር ወይስ ውርወራ?

የቀበሌ ግድብ ውስጥ ቆሮሶ (ቲላፒያ) ወይም ዱባ የሚባለው ዓሣ (ካርፕ) ተጨምሮ ከርሞ «ተራብቷል ወይ?» ሲባል፣ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ሁልጊዜ «በምን እንያዘው?» ነው። ሳናዞር እንናገር፦ ቋጠሮ የሌለው፣ የዓይኑ (የቀዳዳው) አንድ ጎን 6 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ 15 ሜትር የናይሎን ጎታች መረብ፣ ማለትም ጫፍና ጫፉ ተይዞ ውሃ ውስጥ የሚጎተተውን፣ ግዙ። የቀረው ክርክር የገንዘብ ነው።

ገንዘቡ የሚያመልጠው እዚህ ላይ ነው። ሻጭ ዋጋ የሚጠራው ብዙ ጊዜ ተወጥሮ ለተለካ መረብ ነው። ገመድ ላይ ሲሰፋ ግን ዓይኑ እንዲከፈት በግማሽ ያህል ይሸበሸባል፤ 15 ሜትር ለማውጣት 30 ሜትር ይገባል። ሜትሩ 200 ብር ቢባል ወጪው 6,000 እንጂ 3,000 አይደለም። ቁመቱም ይቀንሳል፦ 2 ሜትር እንዲቆም 2.3 ሜትር ያስፈልጋል። የዓይኑን መጠን «12 ሚሊ ሜትር ነው» ሲሏችሁም «ጎኑ ወይስ ተወጥሮ?» በሉ። ተወጥሮ 12 ከሆነ ጎኑ 6 ነው፤ ጎኑ 12 ከሆነ ባለ 3 ሴንቲ ሜትሩ ቆሮሶ ሾልኮ ይሄዳል።

አጎበር ርካሽ ነው፣ አንዳንዴም ነፃ፤ ግን ተዉት። ዓይኑ ደቃቅ ስለሆነ በጭቃና በአልጌ ይደፈናል፣ ሲጎተት ውሃውን እንደ ግድግዳ ይገፋዋል፣ ከፊቱ ያለው ዓሣ ይሸሻል፣ ድንጋይ ሲነካ ደግሞ ይተረተራል። ከሁሉ የከፋው ለወባ የሚታደለው አጎበር የተነከረበት መድኃኒት ነው፤ ለዓሣ መርዝ ነው።

የማስመሰያውን ናይሎን ለመለየት ቀላል ዘዴ አለ። ከጫፉ ትንሽ ቆርጣችሁ፣ አየሩ እንዲወጣ በጣታችሁ አሽታችሁ፣ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጣሉት። ናይሎን ይሰምጣል። ከተንሳፈፈ ናይሎን አይደለም፤ እንደ ፖሊኢትሊን ያለ ሌላ ፕላስቲክ ነው። መረቡን ወደ ታች እንዲይዝ የታችኛው ገመድ ላይ የሚታሰረውን እርሳስም እዩ፦ በእርሳስ ፈንታ የብረት ዳዶ የታሰረበት ሲዝግ ክሩን ይበላዋል። 50 ግራም እርሳስ በየ30 ሴንቲ ሜትሩ ቢታሰር ለ15 ሜትሩ 2.5 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ከዚህ የቀለለ ገመድ ከታች ይነሳል፤ ታችኛውን ጭቃ የሚወደው አምባዛ በሥሩ ይሾልካል፣ እናንተም «አምባዛ የለም» ብላችሁ ትጽፋላችሁ።

የውርወራ መረብ ለአንድ ሰው ይመቻል፣ ዋጋውም ይቀላል። ነገር ግን ከመሃሉ እስከ ጫፉ 1.5 ሜትር የሆነው በደንብ ሲዘረጋ እንኳ 7 ካሬ ሜትር ብቻ ይሸፍናል። ጎታቹ አንዱ ጫፍ ዳር ተይዞ ሌላው ሩብ ክብ ሲዞር 177 ካሬ ሜትር ገደማ ይጠርጋል፤ 25 ውርወራ ማለት ነው። ለቆጠራ ልዩነቱ ሰማይና ምድር ነው። ሞኖፊላመንት የሚሉት፣ ከአንድ ወጥ ክር የተሠራ ቀጭን መረብማ ዓሣውን በስንጥቡ (በመተንፈሻው) ይዞ ይገድላል፤ ከቆጠሩ በኋላ መልሶ ለመልቀቅ አይሆንም።

ጎታቹም የማይሠራበት ቦታ አለ፦ ጉቶ ያለበት ግድብ፣ ሣር የሞላው ዳር፣ እንደ ቢሾፍቱ ያሉ ዳራቸው ገደላማ የሆኑ የእሳተ ገሞራ ሐይቆች። እዚያ ወጥመድ ወይም ውርወራ ያዙ። የጎታችንና የውርወራን ቁጥር ግን በአንድ ሠንጠረዥ አትደምሩ፤ ዓመቱን ሙሉ በያዛችሁት መሣሪያ፣ በዚያው ዳር፣ በዚያው ሰዓት ቁጠሩ።

ስትገዙ ከዚያው ጥቅል 1 ሜትር ትርፍ ውሰዱ፤ ቀዳዳ ሲመጣ ሌላ ዓይን ያለው መጣፊያ ከጣፋችሁበት፣ ጫጩቱ የሚወጣው በዚያው ነው። ካጠባችሁ በኋላ ጥላ ላይ አድርቁት፤ ፀሐይ ናይሎኑን ያዳክመዋል፣ ሲጎተትም ይበጠሳል።