ለሮቦት የሚሆን ካሜራ፦ ዌብካም፣ የራስበሪ ፓይ ካሜራዎች እና ኢኤስፒ32-ካም በንጽጽር

ሮቦት ሠርቶ ካሜራ የገጠመ ሰው ምስሉ ሲደበዝዝበት አስቀድሞ የሚያስበው ብዙ ሜጋፒክስል ያለው ካሜራ መግዛትን ነው። እኔም ደብረ ማርቆስ ውስጥ፣ ወለል ላይ የተለጠፈ ጥቁር መስመር እየተከተለ ግድግዳ ላይ ያሉ ምልክቶችን የሚያነብ ትንሽ ሮቦት ስሠራ በዚሁ ሐሳብ ካሜራ ቀይሬ ነበር፤ ችግሩ ግን አልተቀየረም። ሮቦቱ ቆሞ ሳለ ምልክቱን አጥርቶ ያነባል፣ መዞር ሲጀምር ያጣዋል።

ምክንያቱ በስሌት ይታያል። ሮቦቱ በሰከንድ 90 ዲግሪ የሚዞር ከሆነና ካሜራው በአግድም 66 ዲግሪ እያየ 640 ፒክስል ስፋት ያለው ምስል የሚሰጥ ከሆነ፣ ኤክስፖዠሩ (ካሜራው ለአንድ ምስል ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ) 1/30 ሰከንድ ሲሆን በአንዱ ፍሬም፣ ማለትም በአንዱ ምስል ውስጥ ዕይታው 29 ፒክስል ያህል ይጎተታል፤ ወደ 1/200 ሰከንድ ሲያጥር ግን ከ5 ፒክስል በታች ይወርዳል። ብዙ ሜጋፒክስል ይህን መጎተት አያስቀረውም፤ ምስል ውስጥ ያለን ዕቃ የሚለዩት የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሞዴሎችም ቢሆኑ አብዛኛውን ጊዜ ምስሉን ወደ 640 በ640 አሳንሰው ነው የሚሠሩበት። ስለዚህ ገዢ ሊጠይቅ የሚገባው ኤክስፖዠርንና ፎከስን በእጅ መወሰን ይቻል እንደሆነ ነው።

እንደ ሎጂቴክ ሲ270 ያለ ዌብካም በቀላሉ ይገኛል፣ በዩኤስቢም ወዲያው ይሠራል። ሆኖም ፎከሱ ቋሚ ሲሆን የተስተካከለውም ከፊቱ ለተቀመጠ ሰው ነው፤ ስለዚህ ከወለሉ 15 ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ ወደ ታች ሲያይ መስመሩ ጠርዙ ይደበዝዛል። ብርሃን ሲያንስ ደግሞ በራሱ ኤክስፖዠሩን እያስረዘመ የፍሬሙን ብዛት ስለሚቀንስ፣ ይህን ራስ ሰር ቅንብር ማጥፋት ያስፈልጋል። ሮቦቱ ዘግይቶ የሚታጠፍ ከሆነም ጥፋቱ የካሜራው ላይሆን ይችላል፤ ምስል ለማንበብ የሚያገለግለው ኦፕን ሲቪ የተባለው የፕሮግራም ስብስብ ተጠባባቂ ፍሬሞችን ስለሚያከማች ፕሮግራሙ ያለፈውን ምስል እያነበበ ሊሆን ይችላል።

ራስበሪ ፓይ ለተባለው ትንሽ ኮምፒውተር ከተሠሩ ካሜራዎች መካከል ሞጁል 2 በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣ ባለ 8 ሜጋፒክስል ነው። ፎከሱ ሌንሱን በማዞር ይስተካከላል፤ አንዴ ከተስተካከለ ስለማይነቃነቅ ርቀቱ ለማይቀያየር ሥራ እመርጠዋለሁ። በጥር 2023 እ.ኤ.አ. የወጣው ሞጁል 3 ባለ 12 ሜጋፒክስል ሲሆን ፎከሱን በሞተር ያስተካክላል። ይህ ለሮቦት ጥቅምም ጉዳትም አለው፦ በጉዞ ላይ ፎከሱን እየፈለገ ሲወዛወዝ ምልክቱ ይጠፋል፣ የካሜራው ካሊብሬሽንም (ከምስሉ ርቀትና መጠን ለማስላት የተወሰደው ልኬት) ይዛባል፤ ስለዚህ በፕሮግራም በአንድ ርቀት ላይ መቆለፍ ይገባል። ለምሳሌ ለግማሽ ሜትር በፕሮግራሙ የሚሰጠው የሌንሱ ቁጥር 2 ነው፣ ቁጥሩ 1 ለርቀቱ በሜትር ተካፍሎ የሚገኝ ስለሆነ። ትልቁ ብልጫው ኤችዲአር፣ ማለትም በጣም ብሩህና በጣም ጨለማ የሆነውን በአንድ ምስል አብሮ ማሳየቱ ነው። ባሕር ዳር ውስጥ የጠዋት ፀሐይ በመስኮት ገብታ ወለሉን ብርሃንና ጥላ አድርጋ ለሁለት ስትከፍለው ሌሎቹ ካሜራዎች አንዱን ወገን ያጡታል፣ ይህኛው ሁለቱንም ይይዛል፤ በዚህ ጊዜ ግን ምስሉ ወደ 3 ሜጋፒክስል ዝቅ ይላል።

ሁለቱም ሞጁሎች ምስሉን መስመር በመስመር ስለሚያነቡ በፍጥነት ሲዞሩ ቀጥ ያለው የበር መቃን ያዘነብላል። ይህን የሚያስቀረው በዚያው ዓመት የወጣው ባለ ግሎባል ሻተሩ ካሜራ ነው፤ ሁሉንም ፒክስል በአንድ ጊዜ ይቀርጻል። ባለ 1.6 ሜጋፒክስል ብቻ ሲሆን ሲወጣ ዋጋው 50 ዶላር ነበር፣ ይህም የሞጁል 3 መነሻ ዋጋ እጥፍ ነው፤ ሌንሱም ለብቻው ይገዛል። ፈጣን ሮቦት ለማይሠራ ሰው ይህን ያህል ማውጣት አያስፈልግም።

ኢኤስፒ32-ካም ካሜራ የተገጠመለት ትንሽ የመቆጣጠሪያ ሰሌዳ ሲሆን ባለ 2 ሜጋፒክስል ነው፣ ምስሉንም በዋይፋይ ይልካል። ለመማሪያ ጥሩ ነው፤ ከባድ ስሌት ግን አይችልም፣ ሞተሩ ሲነሳ ቮልቴጅ ከወረደም ራሱን አጥፍቶ ይነሳል። የሞተሩን ኃይል ከካሜራው መለየት መፍትሔው ነው።

ከየትኛውም ጋር ኤክስፖዠሩን ሲያሳጥሩ በመብራት ሥር ጥቁር ሰንበሮች ሊታዩ ይችላሉ። መብራታችን 50 ኸርዝ በመሆኑ አምፖሉ በሰከንድ 100 ጊዜ ብልጭ ይላል፤ 1/100 ሰከንድ ወይም የእሱ ብዜት ሰንበሩን ያጠፋዋል። ከዚያ በታች ማሳጠር ከተፈለገ በባትሪ የሚሠራ ኤል ኢ ዲ ሮቦቱ ላይ ማሰር የተሻለ ነው፤ እኔ ምልክቶቹን በዙር ላይ ማንበብ የቻልኩት ይህን ካደረግሁ በኋላ ነው። ቀይ ኳስ ሰማያዊ ሆኖ ከታየም ካሜራውን ለመመለስ አይቸኩሉ፤ ኦፕን ሲቪ ቀለማቱን ከሰማያዊ ጀምሮ ስለሚደረድር ቅደም ተከተሉ ተገላብጦ ይሆናል።

ራስበሪ ፓይ 5 ያለው ሰው ካሜራውን ሲያዝ ጠባቡን ባለ 22 መስመር ገመድ አብሮ ይዘዝ፤ የቀድሞው ባለ 15 መስመር ገመድ አይገባለትም። ዌብካም ከመደብር የሚገዛ ደግሞ ሳይከፍል በፊት በላፕቶፕ አስከፍቶ፣ የታተመ ወረቀት ሮቦቱ በሚያይበት ርቀት ይዞ፣ ካሜራውን ሮቦቱ በሚዞርበት ፍጥነት እያዞረ ፊደሉ ይነበብ እንደሆነ ይመልከት።