«ማደጎ ነው» ተብሎ የተሰጠኝ ቴሪየር፦ ድሬዳዋ ውስጥ ውሻ ለመውሰድ ላሰባችሁ ማስጠንቀቂያ

ከመንገድ ያነሳኋቸውን ውሾች ለደግ ሰው እሰጣለሁ ከሚል ግለሰብ ውሻ ለመውሰድ ያሰባችሁ የድሬዳዋ ነዋሪዎች፣ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት የደረሰብኝን እንድታነቡ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ባለፈው ጥቅምት ከዚራ ከሚገኝ አንድ ግቢ ነጭና ቡናማ ቴሪየር ተረከብኩ። ዕድሜው ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ እንደሆነ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ሁለት ጊዜ እንደወሰደ፣ እንደተኮላሸ፣ ከልጅም ከዶሮም ጋር ተስማምቶ እንደሚኖር ተነገረኝ። ለቀለቡና ለሕክምናው በሚል 6,000 ብር በቴሌብር ከፍዬ ደረሰኝ ብጠይቅ «ማደጎ እንጂ ሽያጭ አይደለም» የሚል መልስ ተሰጠኝ፤ እኔም በመጠየቄ አፈርኩ። ገበያ ወርጄ ፍየል ስገዛ ጥርሷን ሳላይ ዋጋ የማልጠራ ሰው፣ ነፍስ ካዳነ ሰው ጋር አልከራከርም ብዬ የውሻውን አፍ እንኳ ሳልከፍት ይዤው ወጣሁ። (አለመኮላሸቱን ለማወቅማ ሐኪምም አያስፈልግም ነበር፤ ከኋላው አንድ ጊዜ መመልከት ይበቃ ነበር።)

ሳቢያን ያለው ግቢያችን ከሁለት ቤተሰብ ጋር የጋራ ነው፤ ጎረቤቶቻችን ለሶላት የሚታጠቡበት ቧንቧና የዶሮ ቤታቸውም እዚያው ይገኛል። ሰውየው ስለዚህ ሁሉ አንድም ጥያቄ አልጠየቀኝም። ቴሪየር ስሙ ራሱ «ምድር» ከሚለው የላቲን ቃል የመጣ፣ ቀበሮና አይጥ እየተከተለ ጉድጓድ እንዲገባ ሰው ያራባው ውሻ ስለሆነ፣ አሸዋማውን አፈራችንን በአንድ ሌሊት ምሶ በሽቦው ሥር ሾልኮ አንዲት ዶሮ መግደሉ የእርሱ ጥፋት አይመስለኝም።

የባሰው በሦስተኛው ቀን መጣ፤ ሲጫወቱ የልጄን ጣት ነክሶ አደማው። ቁስሉን 15 ደቂቃ በሳሙናና በሚወርድ ውኃ አጥበን ጤና ጣቢያ ስንደርስ የውሻው የክትባት ካርድ ተጠየቀ። አውጥቼ ሳየው በአንድ ዓመት ልዩነት ተሰጡ የተባሉት ሁለቱም ክትባቶች በአንድ እስክሪብቶ የተጻፉ ሲሆን፣ ከብልቃጡ ተልጦ የሚለጠፈው ወረቀት የለም፤ የሐኪም ማኅተምም የለም። ለልጄ ወዲያው ክትባት ተጀመረለት።

ውሻውን ያየው የእንስሳት ሐኪም አፉን ከፍቶ አሳየኝ፦ ከክራንቻዎቹ ኋላ ያሉት የወተት ጥርሶች ገና እየተነቀሉ ነበር። የውሻ የወተት ጥርስ ባብዛኛው እስከ ሰባት ወር ተለውጦ ስለሚያልቅ፣ ዕድሜው አምስት ወር ገደማ ነው አለኝ። እንግዲህ እንደ ካርዱ ከሆነ የመጀመሪያውን ክትባት የወሰደው ከመወለዱ በፊት ነው! ሐኪሙ በቀኝ ጆሮው ላይ ካለችው ቅዳጅ ለይቶት፣ ከአንድ ወር በፊት ሌላ ቤተሰብ አምጥቶት እንደነበርም ነገረኝ። እነርሱም ከፍለው ወስደው፣ ምሶ ሲያስቸግራቸው ያለ ምንም ተመላሽ መልሰውት ኖሯል። ለእኔም የተባለው ይኸው ነው፦ ውሻውን መልስ፣ ገንዘቡ ግን ስጦታ ስለሆነ አይመለስም። አንዱን ውሻ ደጋግሞ መሸጥ ይሉሃል ይህ ነው።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ለሸማች ደረሰኝና ትክክለኛ መረጃ እንዲሰጥ ያስገድዳል፤ «ማደጎ» የሚለው ቃል የተመረጠው ከዚህ ለማምለጥ ይመስለኛል። ስለዚህ ለምን እንደምትከፍሉ በጽሑፍ ሳትቀበሉ፣ ካርዱ ላይ የተጠቀሰውን ሐኪም ራሳችሁ ሳትጠይቁ ብር አትላኩ። ከሦስት ወር በታች ለሆነ ቡችላ የእብድ ውሻ ክትባት እንደ ደንቡ እንደማይሰጥም አስታውሱ።

ውሻውን አልመለስኩትም። ከነከሰ በኋላ የእብድ ውሻ በሽታ እንዳለበት ለማየት የሚጠበቀውን አሥሩን የክትትል ቀናት በጤና ጨርሶ ክትባቱን ከወሰደ በኋላ፣ አይጥ ላስቸገረው ለአንድ የእህል መጋዘን ባለቤት ያለ ክፍያ ሰጠሁት፤ የአጥሩ መሠረት ድንጋይ ነው፣ ዶሮም የለውም። ሰውየው ማኅተም ያለበትን ካርድ ስዘረጋለት ገና ሳይቀበለኝ ጎንበስ አለና የውሻውን ከንፈር ገልጦ ጥርሱን አየ።