የባንኩ አፕ እኔ መሆኔን በምን ያውቃል? ከደሴ ሞባይል ጥገና ቤት የተጻፈ ግምገማ

ደሴ፣ ፒያሳ አካባቢ ሞባይል እጠግናለሁ። ስክሪን እቀይራለሁ፣ የቻርጅ ሶኬት እበይዳለሁ፣ ዝናብ የገባበትን ስልክ ፈትቼ አደርቃለሁ። የሰው ስልክ ተከፍቶ እጄ ላይ ይውላል። ስለዚህ አንድ የባንክ አፕ አማረም አላማረም ብዙ አያሳስበኝም። የማየው አንድ ነገር ነው። ስልኩ ከባለቤቱ እጅ ሲወጣ አፑ ባለቤቱን ከእኔ ይለያል ወይ?

ዛሬ የምገመግመው የራሴ ሒሳብ ያለበትን ባንክ አፕ ነው። ስሙን አልጠራም። የምወቅሰውም የማመሰግነውም ነገር ሌሎች ባንኮች ዘንድም ሊኖር ስለሚችል፣ አንባቢ የራሱን አፕ ከፍቶ ቢያመሳክር ይሻለዋል። ከአምስት ኮከብ ሦስት ሰጥቼዋለሁ።

ከምዝገባው ልጀምር። አፑን አውርዶ ዝም ብሎ መግባት አይቻልም። ቅርንጫፍ ሄዶ ፎርም መሙላትና መታወቂያ ማሳየት ያስፈልጋል። ከዚያ አክቲቬሽን ኮድ ይሰጣሉ። ኮዱ አፑን ከዚያ አንድ ስልክ ጋር ያስረዋል። ሌላ ሰው ስልክ ቁጥሬንና ፒኔን ቢያውቅ እንኳ፣ በራሱ ስልክ ላይ አፑን ጭኖ መግባት አይችልም። ወረፋው ብዙ ሰው ያማርራል። እኔ ግን ከአፑ ሁሉ የምወደው ይህንን ነው።

የሚያበሳጨው ስልክ ሲቀየር ነው። ሒሳቡ ወደተከፈተበት ቅርንጫፍ ሂድ ይላሉ። ኮምቦልቻ የሚሠራ አንድ ደንበኛዬ ስልኩ ተሰብሮበት አዲስ ገዛ። ለዚያች ኮድ ሲል ሥራውን ትቶ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ መጣ። እዚያው ኮምቦልቻ ከሥራ ቦታው አጠገብ የዚሁ ባንክ ቅርንጫፍ አለ! ማጣራቱ ይጥበቅ፣ እስማማለሁ። ግን የትኛውም ቅርንጫፍ ያጣራ። ፋይዳ እኮ የአሥር ጣት አሻራ፣ የዓይን አይሪስና የፊት ምስል የሚመዘግብ መታወቂያ ነው። ሰውየው ራሱ መሆኑን ለማወቅ ፋይል ያለበት ቁም ሣጥን ድረስ መሄድ አያስፈልግም።

ፒኑ ባለ አራት አሃዝ ነው። አራት አሃዝ ማለት 10,000 አማራጭ ነው። ስድስት ቢሆን 1,000,000 ይሆን ነበር። አፑ ተደጋግሞ ሲሳሳቱ ስለሚቆልፍ፣ አንድ በአንድ ሞክሮ የሚገባ ሌባ አያስፈራኝም። የሚያስፈራኝ ገምቶ የሚገባው ነው። ለጥገና ስልክ ሲሰጡኝ የስልካቸውን መክፈቻ ሳልጠይቅ የሚነግሩኝ ብዙ ናቸው። አብዛኛው 1234 ነው፣ ወይም በ19 የሚጀምር የትውልድ ዓመት። የባንኩም ፒን ያው ነው፤ እሱንም ይነግሩኛል። አፑ 1234ን ይቀበል እንደሆነ ለማየት ሞከርኩት። ተቀበለ። ባንክ የሚያክል ተቋም እንዲህ ያለውን ቁጥር «አይሆንም፣ ሌላ ምረጥ» ማለት እንዴት ያቅተዋል?

ሰኞ ገበያ እህል የሚነግዱ አንድ ሀጂ ስክሪን ሊያስቀይሩ መጡ። ከቨሩን ሳወልቀው የታጠፈች ወረቀት ወደቀች። የባንክ ፒናቸው ነበር።

«ሀጂ፣ ይህን ለእኔም ቢሆን አያሳዩኝ» አልኳቸው።

«አብሽር ልጄ፣ አንተን አምኜህ ነው» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው፣ ያምኑኛል። ግን ያ ስልክ ከእኔ ሌላ በስንት እጅ ያልፋል? እኚህ ሰው ዓይናቸው ደክሟል፣ ቁጥር ይረሳሉ። ለእሳቸው የሚሆነው አሻራ ነው። አሻራ አይረሳም፣ ከቨር ውስጥም አይቀመጥም።

አሻራውን ደህና አድርጌ ፈተንኩት። አንድሮይድ ስልክ ላይ የተመዘገበ ጣት ሁሉ ለስልኩ እኩል ነው። ልጅ ጌም ለመክፈት ጣቱን ያስመዘገበ እንደሆነ፣ የልጁ ጣት የአባቱንም ባንክ ሊከፍት ይችላል። ጥሩ ተደርጎ የተሠራ አፕ አዲስ ጣት ስልኩ ላይ ሲጨመር በአሻራ መግባትን ይሰርዝና እንደገና ፒን ይጠይቃል። የወንድሜን ጣት ስልኬ ላይ ጨመርኩና አፑን ከፈትኩ። በአሻራ አላስገባም አለና ፒን ጠየቀኝ። በጣም ደስ አለኝ። ይህን የሠራው ባለሙያ ሥራውን ያውቃል። ስክሪንሾትም ከልክሏል። ሩት የተደረገ፣ ማለትም የአምራቹ ጥበቃ የተነሳለት ስልክ ላይም አልከፈትም አለ። እነዚህን ሦስቱን ያሟላ ሰው 1234ን እንዴት እንዳለፈው ነው የሚገርመኝ።

ሁለቱ ኮከቦች በዋናነት የጠፉት ግን በኤስኤምኤስ ኮዱ ነው።

ከፍ ያለ ብር ሲላክ ባንኩ ባለ ስድስት አሃዝ ኮድ ይልካል። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ፒን የሰረቀ ሰው ሲሙ ከሌለው ይቆማል። ነገር ግን አፑም ሲሙም ያሉት እዚያው አንድ ስልክ ውስጥ ነው። ስልኩን የወሰደ ኮዱንም ወሰደ። ይባስ ብሎ ብዙ ስልክ መልእክቱን ሳይከፈት፣ በተቆለፈው ስክሪን ላይ ያሳያል። የሱቅን ቁልፍ በሩ ላይ ሰክቶ እንደመሄድ ነው። በሰው ስም ምትክ ሲም ያስወጣ አጭበርባሪም ኮዱ በቀጥታ ለእሱ ይደርሰዋል። የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም ኒስት በእ.ኤ.አ. 2017 መመሪያው በኤስኤምኤስ የሚላክን ኮድ አልከለከለውም፤ ግን አደጋው ታውቆ ብቻ የሚሠራበት «የተገደበ» መንገድ ብሎ ለይቶታል።

መልእክቱ የተጻፈበት መንገድ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። በእንግሊዝኛ «ኮድዎ ይህ ነው» ይላል፣ አለቀ። ስንት ብር? ለማን? አይልም። አንዱ ይደውልና «ከባንክ ነው፣ ሽልማት ደርሶዎታል፣ የመጣልዎትን ቁጥር ያንብቡልኝ» ይላል። የምታነበው እናት ቁጥሩ ምን እንደሚከፍት በምን ታውቃለች? መልእክቱ በአማርኛ «ይህ ኮድ ከሒሳብዎ 40,000 ብር ለእገሌ ለመላክ ነው፤ ለማንም አይንገሩ» ቢል ኖሮ ብዙዋ እዚያው ላይ ትነቃ ነበር። አውሮፓ ውስጥ ይህ ሕግ ነው። ከመስከረም 2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኢንተርኔት የሚፈጸም ክፍያ ማረጋገጫ ከገንዘቡ ልክና ከተቀባዩ ጋር መታሰር አለበት፤ አንዱ ከተለወጠ ኮዱ አይሠራም። ከፋዩም ሁለቱን ማየት አለበት። የአማርኛ መልእክት ለመጻፍ ግን የአውሮፓ ሕግ አያስፈልገንም።

ከኤስኤምኤስ የተሻለ አለ። ስልኩ ውስጥ ራሱ ኮድ የሚያመነጭ አፕ አለ፤ ኦተንቲኬተር ይሉታል። የአሠራሩ ደረጃ የወጣው በእ.ኤ.አ. 2011 ነው። ባንኩና ስልኩ አንድ ሚስጥር ይጋራሉ። ያንን ከሰዓት ጋር አስልተው ሁለቱም አንድ ዓይነት ቁጥር ያወጣሉ፤ ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ በየ30 ሴኮንዱ ይቀየራል። ኮዱን ለማውጣት ኔትወርክም ዳታም አያስፈልግም። እኛ ደግሞ ኔትወርክ ማጣት ምን እንደሆነ እናውቃለን። በኤስኤምኤስ ሲሆን ኮዱ የሚደርሰው ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው፤ ነጋዴው ዕቃ ጭኖ ቆሞ፣ ሾፌሩ ጥሩምባ እየነፋበት። ምትክ ሲም ያወጣ ሌባም እዚህ ምንም አያገኝም።

ግን አንድ ነገር ከወዲሁ መታሰብ አለበት። ብዙ ደንበኞቼ አዲስ ስልክ ሲገዙ መጀመሪያ የሚሉኝ «ሰዓቱን በሀበሻ አድርግልኝ» ነው። የአውቶማቲኩን ሰዓት አጥፍቼ ስድስት ሰዓት ወደኋላ እመልስላቸዋለሁ። እንዲህ ያለ ስልክ የሚያወጣው ኮድ የስድስት ሰዓት ስህተት አለበት፤ ባንኩ አይቀበለውም። ሰውየው ፒኑን የረሳ ይመስለዋል፣ ደጋግሞ ይሞክራል፣ ሒሳቡ ይቆለፋል። ባንኩ ይህን አሠራር ካመጣ አፑ ሰዓቱን አይቶ «የስልክዎ ሰዓት ተዛብቷል» ብሎ በአማርኛ ይንገር። ይህን የሚያውቀው እዚህ አገር ስልክ ያየ ሰው ነው። ከውጭ ተገዝቶ የመጣ ሶፍትዌር አያውቀውም።

ይህም ቢሆን ባለቤቱ ኮዱን በስልክ ካነበበ ያው ነው። የሚነበብ ነገር ጭራሽ የሌለው ፓስኪ የሚባለው ነው። ጎግል፣ አፕልና ማይክሮሶፍት በእ.ኤ.አ. 2022 አብረው ሊደግፉት ተስማምተዋል። ቁልፉ ስልኩ ውስጥ ይቀመጣል፣ በአሻራ ይከፈታል፣ የሚሠራውም ለእውነተኛው ባንክ ብቻ ነው። የባንኬ አፕ ገና እዚያ አልደረሰም።

አፑ ላይ ያልሆነ ግን ከሱ የማይለይ የኮከብ ቁልፍ አገልግሎቱም አለ፤ * እና # ያለበትን አጭር ቁጥር ደውለው ያለ ኢንተርኔት የሚጠቀሙበት ነው። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲዘጋ፣ ብዙ ሰው የተጠቀመው በሱ ነው። ውለታውን አልረሳም። ነገር ግን የሚጻፈው ፒን በኮከብ ምልክት አይሸፈንም፤ ቁጥሩ ፊት ለፊት ይታያል። ካውንተሬ ላይ ሰው ብር ሲልክ ፊቴን አዞራለሁ። ሌላው ያዞራል ወይ?

ያ ጊዜ ያመጣው ሌላም ልማድ አለ። ሰው የባንክ አፕ በዜንደርና በቴሌግራም መቀባበል ለመደ። አሁንም «አፑን ጫንልኝ» ብለው ይመጣሉ። እኔ ከፕሌይ ስቶር ውጭ አልጭንም። ሃያ ብር ቢቀርብኝ ይቅር። በቴሌግራም የመጣው አፕ መልኩ አንድ ዓይነት ሆኖ ፒኑን ለሌላ ሰው የሚልክ ሊሆን ይችላል፤ በዓይን አይለይም።

ባንኩ እስኪያስተካክል ድረስ ሱቄ ለሚመጣ ሁሉ ሁለት ነገር አደርጋለሁ፤ ገንዘብም አልቀበልበትም። አንደኛ፣ በተቆለፈ ስክሪን ላይ የመልእክት ይዘት እንዳይታይ እዘጋለሁ። ሁለተኛ፣ የሲም ፒን አስገባለሁ። ይህ ከስልኩ መክፈቻ የተለየ ነው። ሌባው ሲሙን አውጥቶ ሌላ ስልክ ውስጥ ቢከተው ፒን ይጠየቃል። ሦስት ጊዜ ከተሳሳተ ፐክ የሚባል ባለ ስምንት አሃዝ ቁጥር ይፈልጋል። ፐኩን አሥር ጊዜ ከተሳሳተ ሲሙ ይሞታል። ስለዚህ እናንተም ራሳችሁ ስትሞክሩ አትገምቱ። መጀመሪያ የሚጠይቀው ሲሙ ይዞት የመጣውን ፒን ነው። ካላወቃችሁት 994 ደውላችሁ ጠይቁ፣ ወይም ቴሌ ሱቅ ሂዱ። አዲሱን ፒን ስትመርጡ ከባንኩ ፒን የተለየ ይሁን።