ሐዋሳ ላይ «የባሕር ቀንድ አውጣ ቅባት» ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ቆይ!

ዓሣ ለመብላት ወደ አሞራ ገደል የምትወርዱ ሁሉ ይህን አንብቡ። መንገዱ ዳር ጠረጴዛ ዘርግቶ «ከመርዛማ የባሕር ቀንድ አውጣ የተቀመመ፣ ሕመም በማስታገስ ከሞርፊን 1,000 እጥፍ የሚበልጥ» እያለ ቅባት የሚሸጥ ሰውዬ አለ። ለእማዬ ጉልበት ብዬ ሁለት ብልቃጥ በ3,600 ብር ገዛሁ። ሳቁብኝ፣ ይገባኛል።

የሸወደኝ ውሸቱ ሳይሆን እውነቱ ነው። እዚያው ቆሜ በስልኬ ብፈልግ ነገሩ አለ። ኮኑስ ማጉስ የሚባል ቀንድ አውጣ ዓሣ እያደነ ይበላል፤ ውስጡ ክፍት የሆነ ጥርሱን እንደ ጦር ሰክቶ በመርዝ ያደነዝዘዋል። ከዚያ መርዝ የተገኘው ዚኮኖታይድ የተባለ የሕመም ማስታገሻም እ.ኤ.አ. በ2004 አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዷል። 1,000 እጥፉም ቢሆን የሚነገርለት ነው። እዚህ ድረስ አንብቤ ከፈልኩ። አንድ አንቀጽ ብጨምር ኖሮ ብሩ ኪሴ ውስጥ ነበር።

መድኃኒቱ አይቀባም፣ አይዋጥም። በፓምፕ በቀጥታ ወደ አከርካሪ ፈሳሽ ነው የሚገባው፤ ያውም ሌላ ሕክምና እምቢ ላለው ከባድ ሕመም፣ በሐኪም ክትትል፤ ቅዠትና የአእምሮ መዛባት ሊያመጣ ይችላልና። ቆዳ ላይ ቢለቀለቅ ዘልቆ ነርቭ ጋ አይደርስም። ደግሞ የሚሠራው በላቦራቶሪ ነው እንጂ ቀንድ አውጣ ታልቦ አይደለም።

ብልቃጡን ስትከፍቱት ሜንቶል ይሸታል። እማዬ «ቀዝቀዝ አለኝ» ያለችው ለዚሁ ነው። አምራቹ አልተጻፈ፣ የሚያበቃበት ቀን የለው። «ማስረጃ» ብሎ የመረቀልኝ ዛጎል ደግሞ የአያቴ አገልግል ላይ የተሰፋው ዓይነት፣ ሆዱ ላይ ጥርስ ጥርስ የሚመስል ስንጥቅ ያለው ነው። የዚያ ቀንድ አውጣ ዛጎል እኮ እንደ አይስክሬም ኮን ነው የሚሾለው!

በማግስቱ ብሬን ልጠይቅ ስሄድ «ወንድሜ፣ ሦስተኛው ብልቃጥ ላይ ነው የሚሠራው» አለኝ። ከየት እንደሚያመጣው ስጠይቀው በአገጩ ወደ ሐይቁ አመለከተኝ። ጨው ባሕር ካልሆነ የማይኖር ፍጡር ከሐዋሳ ሐይቅ! ጨው በሌለው ውኃ የሚኖር ቀንድ አውጣ የሚታወቀው ቢልሃርዚያ በማስተላለፍ ነው።

(ጅቡቲ የምትመላለሱ ሾፌሮች፣ ባሕሩ ዳርቻ ላይ እንዲህ ሾጠጥ ያለ ያማረ ዛጎል ብታዩ አታንሱ። ውስጡ በሕይወት ሊኖር ይችላል፤ ሰው የገደለ ዝርያ አለ፣ መርዙ ማርከሻም የለውም።)

ቅባቱን የገዛችሁ ካላችሁ ብልቃጡን አትጣሉት። ያልተከፈተውን ሰኞ ጠዋት ወደ ጤና ቢሮ ይዤ ልሄድ ነው፤ ብቻዬን ከምሆን ብንበዛ ይሻላል።